ስለ ድጓ ምልክትና ስለ ድረ ገጽ ጽሕፈት ሥርዓቶች

ድጓን ገልጦ የተመለከተ ሰው በአንድ መስመር ሁለት ጽሑፍ ያገኛል። ከታች ቃሉ፥ ከላይ ደግሞ በደቃቅ ጽሕፈት ዜማውን የሚመራ ምልክት አለ። ይህም ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተሠራ በትውፊት ይነገራል። በደቡብ ጎንደር፥ በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ይህን ድርብ ጽሑፍ በድረ ገጽ ለማስፈር የትኛው ሥርዓት ይመቻል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ምልክቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ እንደ ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክና ቁርጥ ያለው ጭረት ሲሆን፥ ሁለተኛው ከታወቀ የዜማ ቃል ተቆርጦ የተወሰደ ፊደል ነው። አንድ ቃል ሁለቱንም ሊሸከም ይችላል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል በ1999፥ አሥር የዜማ ምልክቶችን ደግሞ በ2005 መዘገበ። ነገር ግን ምልክቶቹ ለብቻቸው የሚቆሙ እንጂ በፊደል ራስ ላይ የሚወጡ ሆነው አልተመዘገቡም። ስለዚህ ከቃሉ በላይ የማኖሩ ሥራ ለድረ ገጽ ጽሕፈት ቋንቋ ተረፈ።

በዚህ ቋንቋ ሁለት ወገኖች ተፎካክረዋል። ደብልዩ ሦስት ሲ የተባለው ማኅበር በ2000 ኤክስኤችቲኤምኤልን አወጣ፤ ሕጉ ጥብቅ ስለ ሆነ አንዲት መዝጊያ ብትጎድል ገጹ አይታይም። በ2001ም ለምሥራቅ እስያ ጽሕፈት የታሰበውን፥ ከቃል በላይ ማስታወሻ የሚያኖረውን የሩቢን ሥርዓት ደነገገ፤ ይህ ሥርዓት ለአንድ ቃል ሁለት ድርብ ማስታወሻ ይፈቅዳል። በ2004 ከአፕል፥ ከሞዚላና ከኦፔራ በመጡ ሰዎች የተቋቋመው ዋትዊግ ግን ነባሩን ኤችቲኤምኤል ማሻሻልን መረጠ፤ ይኸኛው ስሕተትን ችሎ ገጹን ያሳያል።

ጥብቁ ሕግ ለድጓ የሚስማማ ይመስላል፤ የድጓ መምህርም ስሕተት ሲሰማ ተማሪውን ያርመዋልና። ንጽጽሩ ግን አያስኬድም። ኤክስኤችቲኤምኤል የመዝጊያን መጉደል ያያል እንጂ በይዘት ቦታ ደረት መግባቱን ከቶ አያውቅም።

ጥብቁ ሕግ የተሸነፈውም በክርክር አይመስለኝም። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እስከ 2011 ድረስ በራሱ ዓይነት የተላከለትን ኤክስኤችቲኤምኤል አያነብም ነበር። በ2009 የሁለተኛው እትም ሥራ እንዲቆም ተወሰነ፤ በ2019 ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው የዋትዊግ ድንጋጌ ጸና። ድርቡን ማስታወሻ ለብቻው ይይዝ የነበረው የሩቢ ክፍልም ከጸናው ድንጋጌ ውጭ ቀረ። ለድጓ ጸሐፊ የተረፈው መንገድ አንዱን ሩቢ በሌላው ሩቢ ውስጥ ማስገባት ነው። ይህ የተፈቀደ ነው፤ ለእጅ ግን አድካሚ ነው። ቢሆንም ብራናውን ፎቶግራፍ አንሥቶ ከመለጠፍ ይሻላል፤ በፎቶግራፍ ውስጥ ያለ ቃል እንደ ጽሑፍ ተፈልጎ አይገኝምና።