ፊቱ አንድ፣ ሆዱ ለየብቻ

ሬዲዮንና አምፕሊፋየርን በአንድ ሣጥን የያዘው የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስቴሪዮ ሪሲቨር ዛሬ ፈላጊው ብዙ ነው። ገዥው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ፊቱን ነው፤ ወርቃማውን ሰሌዳ፣ ሰማያዊውን መብራት፣ የሞዴሉን ቁጥር። ቁጥሩ ደግሞ ሁሉን አይናገርም። አንድ ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት ሪሲቨሮች ገና ከፋብሪካ ሲወጡ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ማራንትዝን እንውሰድ። ሶል ማራንትዝ ኩባንያውን በ1953 ኒው ዮርክ ውስጥ አቋቋመ፤ በ1964 ለካሊፎርኒያው ሱፐርስኮፕ ሸጠው። ሱፐርስኮፕ ምርቱን ቀስ በቀስ ጃፓን ለሚገኘው ስታንዳርድ ሬዲዮ አስተላለፈ፤ ስታንዳርድም በ1975 ስሙን ማራንትዝ ጃፓን አለ። በየቻናሉ 70 ዋት የሚሰጠው ዝነኛው 2270 የዚያ የሽግግር ዘመን ልጅ ነው። ሱፐርስኮፕ እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሰን ቫሊ ወደ ቻትስዎርዝ ሲዛወር፣ በዕቃው ጀርባ ላይ የሚታተመውም ከተማ አብሮ ተለወጠ። ጀርባውን ያላነበበ ሰብሳቢ ታሪኩን ዘሎታል ማለት ነው።

ትልቁ የልዩነት ምንጭ ግን መብራት ኃይል ነው። ጃፓን 100 ቮልት፣ አሜሪካ 120፣ አብዛኛው አውሮፓ 220፣ እንግሊዝ 240 ይጠቀሙ ነበር። ስለዚህ ሌላው አምራች ፓዮኒየር ለአሜሪካ የሠራውን «ኬ ዩ»፣ ቮልቴጁ የሚቀያየረውን ደግሞ «ኤስ» እያለ በጥገና መጽሐፎቹ ለይቶ አስቀምጧል። የሬዲዮው ክፍልም እንደ አገሩ ይለያል። የጃፓን ኤፍ ኤም ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነበር። በማራንትዝ 2238ቢኤል ስም መጨረሻ ያለው «ኤል» ለአውሮፓ አድማጭ የተጨመረውን ረጅም ሞገድ ያመለክታል። ከዚህ የረቀቀም አለ፤ የኤፍ ኤም ጣቢያ ቀጭኑን ድምፅ አጉልቶ ይልካል፣ ተቀባዩ በዚያው ልክ ይቀንሰዋል። ልኩ በአሜሪካ 75፣ በአውሮፓ 50 ማይክሮሰከንድ ነው። የአሜሪካው ሪሲቨር አውሮፓ ሲሄድ ድምፁ የሚታፈነው ለዚህ ነው፤ ባለቤቱ ግን ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል።

ከሁሉም የሚከብደው ለአንድ አገር፣ በአንድ ቁጥር በተሠሩት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ምርቱ ሳይቋረጥ መሐንዲሶቹ ትራንዚስተር ይቀይራሉ፣ ሬዚስተር ይጨምራሉ፣ ቦርዱን ያሻሽላሉ። እዚህ ላይ የፋብሪካን እጅ ከጥገና ሠራተኛ እጅ መለየት ያስፈልጋል። ቺፖች ላይ ብዙ ጊዜ አራት አኃዝ ይታተማል፤ 7612 ማለት የ1976 12ኛ ሳምንት ነው። በ1976 ሳጥን ውስጥ የ1983 ቺፕ ከተገኘ፣ ያ የፋብሪካ ልዩነት ሳይሆን የኋላ ጥገና ነው። በሌላ በኩል፣ ከቦርዱ ሥር የተበየደች ሬዚስተር ስትታይ «ይህ የልምድ ሥራ ነው» ብሎ መንቀል ስህተት ነው፤ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው እንዲህ ያደርጉ ነበር። የእነ ፓዮኒየርና የእነ ማራንትዝ ብዙ ሽቦ በብየዳ ሳይሆን በማሽን በትንንሽ ምሰሶዎች ላይ ተጠምጥሞ ነው የታሰረው። ጥምጥሙ ሳይነካ ከቆየ፣ እዚያ ቦታ ማንም እንዳልገባ ጥሩ ምስክር ነው። የዋልነት እንጨት ሳጥኑ ግን ለ2270 ለብቻው ይሸጥ የነበረ ተጨማሪ ዕቃ ስለሆነ፣ በእሱ መኖርና አለመኖር ዕድሜን መገመት አይቻልም።

ጉዳዩ የሰብሳቢ ቅንጦት ብቻ አይደለም። ከአሜሪካ በዘመድ በኩል አዲስ አበባ የገባ «ኬ ዩ» ያለ ትራንስፎርመር በ220 ቮልት ከተሰካ ይቃጠላል፤ «ኤስ» ግን መምረጫው ከተስተካከለ ይሠራል። ፊታቸው አንድ ነው።

እንዲህ ያለ ዕቃ ቤታችሁ ካለ፣ ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ፣ ተከታታይ ቁጥሩንና የቦርዶቹን ሁለት ገጽ ፎቶ አንሱ። ሠራተኛው የሚያወጣውንም አሮጌ ዕቃ አስመልሳችሁ አስቀምጡ።