አንቲባዮቲክ በጎጃም፦ ከጤና ጣቢያ መርፌ እስከ ቀበሌ ዕደላ

ከባሕር ዳር ተነስቶ በዱርቤቴና በዳንግላ አልፎ ወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዱ መድኃኒት ቤት የገባ ሰው የሰማንያ ዓመት የሳይንስ ታሪክ መደርደሪያው ላይ ተሰድሮ ያገኛል፦ አሞክሳሲሊን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ አዚትሮማይሲን፣ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት። እያንዳንዱ ስም የአንድ ትልቅ የአንቲባዮቲክ ቤተሰብ ተወካይ ነው። ቤተሰቦቹ ወደ ጎጃም ገጠር የዘለቁት ግን በአንድ ፍጥነት አይደለም። ርቀታቸውን የወሰነው በሰውነት ውስጥ ያላቸው ጠባይ ነው፦ ይዋጣል ወይስ ይወጋል? በሰውነት ውስጥ ስንት ሰዓት ይቆያል? ያለ ሐኪም ሊሰጥ ይችላል? (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥንተ ነገሩን ለፈለገ መነሻው ከራሱ ከዓባይ አይርቅም። ከሰከላው ግሽ ዓባይ የሚነሳው ውሃ በሚያልፍበት በሱዳን ኑቢያ ከ350 እስከ 550 ገደማ የኖሩ ሰዎች አጽም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ የቴትራሳይክሊንን ፍካት እንደሚሰጥ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1980 አስታወቁ። ግምታቸው መድኃኒቱ የመጣው የአፈር ተሕዋስያን ካደሩበት እህል በተጠመቀ ቢራ ነው የሚል ነበር። (ይህን ለጠላ ማስታወቂያ የሚያደርግ እንዳይገኝ ብቻ!) ቴትራሳይክሊን ከካልሲየም ጋር ስለሚጣበቅ አጥንት ውስጥ ለዘመናት ይቀመጣል። ዛሬ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን እንዳይሰጥ፣ ከወተት ጋርም እንዳይወሰድ የሚመከረው በዚሁ ጠባዩ ምክንያት ነው።

ዘመናዊው ምዕራፍ በሰልፋ ይከፈታል። ጀርመናዊው ዶማክ በ1930ዎቹ ያቀረበው ፕሮንቶሲል ባክቴሪያ ለመራባት የሚያስፈልገውን ፎሌት እንዳይሠራ የሚያግድ የመጀመሪያው ሰፊ መድኃኒት ሆነ። ፍሌሚንግ በ1928 ያስተዋለውን ፔኒሲሊን ደግሞ ፍሎሪና ቼይን በኦክስፎርድ ከ1940 ጀምሮ ለሕክምና አበቁት። ፔኒሲሊን የባክቴሪያውን ግድግዳ ግንባታ ያቋርጣል፤ የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው መድኃኒቱ ሰውን ብዙም ሳይነካ ጠላቱን ይለያል። ችግሩ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ግማሹ ከደም መውጣቱ ነበር። በ1950ዎቹ መባቻ የመጣው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ጡንቻ ውስጥ ተከማችቶ ለሳምንታት ቀስ እያለ በመለቀቅ ይህን ፈታ። ርቀት ለበዛበት አገር ይህ ለውጥ ቀላል አልነበረም፤ የሩማቲክ የልብ በሽታ ያለበት ልጅ በየቀኑ መመላለሱ ቀርቶ በየሦስትና አራት ሳምንቱ አንዴ ተወግቶ መሄድ ቻለ።

መርፌውን የሚወጋ ሰው ግን መኖር ነበረበት። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አሠልጥኖ በቡድን ወደ አውራጃ ጤና ጣቢያዎች ሲልክ ይህ ጎዶሎ መሙላት ጀመረ። በጥቅሉ የመጀመሪያው ዘመን የመርፌ ዘመን ነው፤ ታማሚው ወደ መድኃኒቱ ይሄዳል።

ቀጥሎ የመጣው የአፈር ዘመን ነው። በ1943 በዋክስማን ቤተ ሙከራ ሻትዝ ስትሬፕቶማይሲንን አገኘ፤ በ1947 ክሎራምፌኒኮል፣ በ1948 የቴትራሳይክሊን ቤተሰብ፣ በ1952 ኤሪትሮማይሲን ተከተሉ። አራቱም የተገኙት ከአፈር ተሕዋስያን ሲሆን አራቱም የሚመቱት የባክቴሪያውን የፕሮቲን ማምረቻ፣ ራይቦዞምን ነው። በተለይ ቴትራሳይክሊን የሚዋጥና ርካሽ በመሆኑ ከጤና ጣቢያ ግቢ ወጥቶ በየሱቁና በየገበያው ተበተነ። መልካም ውጤቱም መዘዙም ከዚያ ይጀምራል።

የዚህ ዘመን የኢትዮጵያ ትልቅ ምዕራፍ ግርሻ ነው። በሰው ቅማል የሚተላለፈው ይህ ትኩሳት ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት ሁሉ፣ በቆሎ ተማሪ ጎጆ፣ በቀን ሠራተኛ ማደሪያ፣ በእስር ቤት ይነሳል። አንድ መጠን ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ያድነዋል። ነገር ግን መድኃኒቱ ከገባ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ታማሚው በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ የሞተው ባክቴሪያ ፍርስራሽ ሰውነትን የሚያስቆጣበት አጸፋ ነው። ቴትራሳይክሊን ደሙን ቶሎ ያጸዳል፣ አጸፋውም የበረታ ነው፤ ፔኒሲሊን ይዘገያል። አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራና በ1996 የታተመ ጥናት ቲኤንኤፍ የተባለውን የሰውነት መልእክተኛ በፀረ-አካል በመያዝ ይህን አጸፋ ማቅለል እንደሚቻል አሳየ። ለዓለም ሕክምና ከአገራችን የሄደ ትምህርት ነው፤ የሚገባውን ያህል አይነገርለትም።

የሳንባ ነቀርሳን መንገድ ባጭሩ እንለፈው። ብቻውን የተሰጠ ስትሬፕቶማይሲን ቶሎ እንደሚለመድ በጊዜ ታውቆ መድኃኒቶችን አቀናጅቶ መስጠት ሥርዓት ሆነ። በ1960ዎቹ የመጣው፣ ሽንትን የሚያቀላው ሪፋምፒሲን ሕክምናውን ወደ ወራት አሳጠረው። በጤና ሠራተኛ ፊት የመዋጥ ሥርዓት በ1992 በአርሲና በባሌ ተጀመረ፤ መድኃኒት ለተላመደ ነቀርሳ የሚሰጠው ሕክምና ደግሞ በ2009 በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል።

ሦስተኛው ዘመን መድኃኒቱ ወደ ታማሚው የሄደበት ነው። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ አቆመ። የኬላዋ ሠራተኛ የሕፃናትን የሳንባ ምች መጀመሪያ በኮትሪሞክሳዞል፣ በኋላ በአሞክሳሲሊን ማከም ጀመረች፤ ከ2013 ወዲህም ሆስፒታል መሄድ ላልቻለ በኢንፌክሽን ለታመመ ጨቅላ ጄንታማይሲን እንድትወጋ ተፈቀደላት። ጄንታማይሲን ከአንጀት የማይመጠጥ፣ ጆሮና ኩላሊት የሚጎዳ ጥብቅ መድኃኒት ነው። በቀበሌ ደረጃ እንዲሰጥ መወሰኑ ድፍረት ነበር፤ ትክክለኛ ድፍረት ይመስለኛል።

ዘመኑን ከሁሉ በላይ የሚወክለው ግን አዚትሮማይሲን ነው። የዛግሬብ ኬሚስቶች በ1980 ኤሪትሮማይሲን ቀለበት ውስጥ አንድ ናይትሮጅን ጨምረው ሠሩት። በዚህች ለውጥ መድኃኒቱ የጨጓራን አሲድ ተቋቋመ፤ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ለቀናት የመቆየት ጠባይም አገኘ። በቀን አራት ጊዜ ይዋጥ የነበረው በአንድ ጉርሻ ሆነ። መድኃኒቱ ከሚያክማቸው በሽታዎች አንዱ ዓይን የሚያሳውረው ትራኮማ ነው፤ የአማራ ክልልም በዚህ በሽታ ከዓለም እጅግ የተጎዳ ነበር፦ በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉት የክልሉ ልጆች ከመቶው ስልሳ ሁለት ያህሉ ንቁ ትራኮማ እንደነበረባቸው አሳይቷል። እናቶች ወደ ውስጥ የተቀለበሰ ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ እየነቀሉ ይኖሩ ነበር። ፋይዘር በ1998 መድኃኒቱን መለገስ ጀመረ፤ ክልሉም ከካርተር ማእከልና ከላየንስ ክለቦች ጋር ዕደላውን እያሰፋ ሄደ። የዕደላው ቀን መልክ ይህ ነው፦ ሚዛን የለም፤ አዳዩ የቁመት መለኪያ ዘንግ ያቆማል፣ ልጁ ይጠጋል፣ በዘንጉ ላይ ያለው ምልክት የሽሮፑን ወይም የእንክብሉን መጠን ይናገራል። አዋቂ እስከ አንድ ግራም ይውጣል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን የቴትራሳይክሊን ቅባት ይሰጠዋል፤ እናት በቀን ሁለቴ ለስድስት ሳምንት ልትቀባ።

በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ የተደረገው ጥናት ሁለት ፊት ያለው ውጤት አስገኘ። አዚትሮማይሲን በታደለባቸው መንደሮች የልጆች ሞት ካልታደለባቸው በግማሽ ገደማ አነሰ። በሌላ በኩል በየሦስት ወሩ መድኃኒቱ በተሰጠባቸው መንደሮች ከልጆች አፍንጫ በተወሰደ ናሙና፣ መድኃኒቱን የተላመደ ኒሞኮከስ (የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያ) የተገኘባቸው በዓመቱ ወደ 47 በመቶ ደረሱ፤ ባልተሰጠባቸው 9 በመቶ ነበሩ። ዕደላው ሲቆም መጠኑ ወረደ። በሕዋስ ውስጥ ለቀናት መቆየቱ ዕደላውን ያቀለለ ጠባይ ነው፤ ያው ጠባይ መድኃኒቱ እየሳሳ በሄደባቸው ቀናት ደካማውን ባክቴሪያ አስወግዶ ብርቱውን ይመርጣል።

ዛሬ ያለንበት አራተኛው ዘመን የሴፍትሪያክሶን ነው። ይህ የሴፋሎስፖሪን ቤተሰብ አባል በቀን አንዴ ስለሚወጋ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከሁሉ ቀድሞ የሚታዘዝ ሆኗል፤ ለዚያውም አብዛኛውን ጊዜ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ሳይለይ። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭትም የመድኃኒት አቅርቦቱን ሲያስተጓጉል፣ ሐኪሙ የሚያዝዘው የሚሻለውን ሳይሆን የተገኘውን ሆነ። አንቲባዮቲክ በሰባ ዓመት ከአዲስ አበባ እስከ ቀበሌ ተጉዟል። ናሙና አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚናገረው ላቦራቶሪ ግን አሁንም በአብዛኛው እንደ ባሕር ዳር ባሉ ትልልቅ ከተሞች ነው፤ ከቡሬም ሆነ ከፍኖተ ሰላም ናሙና የሚልክ ሐኪም ውጤቱን የሚጠብቀው ሕክምናውን ከጀመረ በኋላ ነው።