የምግብ አለርጂ ለምን እየተበራከተ መጣ?

አንድ ሕጻን ኦቾሎኒ ቀምሶ ከንፈሩ ሲያብጥ፣ ቆዳው ሽፍ ሲልና ትንፋሽ ሲያጥረው በሽታ የመከላከል ሥርዓቱ ጉዳት የሌለውን ፕሮቲን እንደ ወራሪ ጠላት ቆጥሮታል ማለት ነው። በአሜሪካ በተደረጉ የስልክ ጥናቶች፣ የኦቾሎኒ አለርጂ እንዳለባቸው የተነገረላቸው ልጆች በአውሮፓውያኑ 1997 0.4 በመቶ ነበሩ። በ2008 ወደ 1.4 በመቶ አደጉ።

ዘረ መል በአሥር ዓመት አይለወጥም፤ ምክንያቱ የሚፈለገው ከአኗኗር ነው። ብሪታኒያዊው ተመራማሪ ዴቪድ ስትራካን በ1989 ብዙ ወንድምና እህት ባሉበት ቤት ያደጉ ልጆች ለአበባ ብናኝ አለርጂ እምብዛም እንደማይጋለጡ አስተዋሉ። በልጅነት ከጀርሞች ጋር መተዋወቅ ሰውነትን ያለማምዳል የሚለው መላምት የመጣው ከዚህ ነው።

ይህ ግን ሁሉንም አያስረዳም። በ2008 የታተመ ጥናት በብሪታኒያ የሚኖሩ አይሁድ ልጆች በእስራኤል ካሉት በአሥር እጥፍ ገደማ ለኦቾሎኒ አለርጂ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳየ። የዘር ሐረጋቸው ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያዩት በአመጋገብ ነበር። የእስራኤል ሕጻናት ‘ባምባ’ የተሰኘውን የኦቾሎኒ መክሰስ ገና ዓመት ሳይሞላቸው ይበላሉ። በአሜሪካ ደግሞ የሕጻናት ሐኪሞች ማኅበር በ2000 ለአለርጂ ተጋላጭ የሆኑ ልጆች እስከ ሦስት ዓመታቸው ኦቾሎኒ እንዳይቀምሱ መክሮ ነበር። ምክሩ የተነሳው በ2008 ነው።

የኪንግስ ኮሌጅ ለንደኑ ፕሮፌሰር ጊዲዮን ላክና ባልደረቦቻቸው ጉዳዩን ከ600 በሚበልጡ ሕጻናት ላይ ፈተሹት። ሕጻናቱ ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው ነበሩ። ውጤቱ በ2015 ይፋ ሲሆን፣ ኦቾሎኒ እንዲርቁ ከተደረጉት መካከል አምስት ዓመት ሲሞላቸው 17 በመቶው አለርጂ ነበረባቸው። አዘውትረው ከበሉት መካከል ግን 3 በመቶው ብቻ።

ከአፍ የራቀ ኦቾሎኒ ከቤት አይርቅም። ብናኙ በእጅ፣ በጠረጴዛና በአልጋ ልብስ ላይ ይቀራል። በችፌ በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል ቀድሞ ሲገባ ሰውነት እንደ ጠላት ይመዘግበዋል፤ በአንጀት በኩል ሲመጣ ግን መታገሥን ይማራል። ፕሮፌሰር ላክ የሚያቀርቡት ማብራሪያ ይህ ነው፤ እስካሁን ከቀረቡትም አሳማኙ ይመስላል።

ጉዳዩ አገር ለቀየሩ ቤተሰቦችም ይመለከታል። በአውስትራሊያ፣ እስያ ተወልደው የመጡ ልጆች ለለውዝ ዘሮች አለርጂ ብዙም አይጋለጡም፤ ከእስያውያን እናቶች እዚያው የተወለዱት ግን ይበልጥ ይጋለጣሉ።

አሁን ባለው ምክር፣ ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለበት ሕጻን ኦቾሎኒ ከመቅመሱ በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ለሌሎቹ ሌላ ምግብ ሲጀምሩ ለስልሶና ቀጥኖ ይሰጣል። ሙሉው ፍሬ ግን ትንንሽ ልጆችን ሊያንቅ ይችላል።