የጓሮ መድኃኒትና ጠያቂ ሰው

ያገራችን ሰው «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እያለ የሚተርተው ተረት፣ በጓሮአችን ለሚበቅለው መድኃኒት እጅግ የተስማማ ሆኖ አገኘዋለሁ። እናቶቻችን በየደጃቸው ጤና አዳምና ዳማ ከሴ ይተክላሉ። ጤና አዳም ለሆድ ቁርጠት ይጠጣል፤ ከቡናም ጋራ ይቀርባል። ዳማ ከሴ ምች ለመታው ሰው እየታሸ ይሸተታል። በግራዋ ቅጠል የጠላ ጋን ይታጠባል፤ በአጥር ጥግ የሚወጣው እንዶድም ልብስ ማጠቢያ ሆኖ ብዙ ዘመን አገልግሏል።

ነገር ግን ሕዝቡ ይህን ዕውቀት የያዙትን ሰዎች በችግር ቀን እየፈለጋቸው፣ በደኅና ቀን «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» እያለ ይሰድባቸው ነበር። እነርሱም ጥበባቸውን ደብቀው ለመረጡት ልጅ ብቻ በምስጢር ይነግሩ ነበር። ልጁ አልሰማ ያለ ወይም ቀድሞ የሞተ እንደ ሆነ ጥበቡ ካባቱ ጋራ ይቀበራል። እንግዲህ ዕውቀታችንን ያጠፋው ድንቁርና ብቻ አይደለም፤ ንቀትና ምስጢርም ናቸው።

ከዚህ የተለየ መንገድ የሄዱ አንድ ሊቅ ላስታውሳችሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የብልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለመመርመር በዐድዋ ወደ ወንዝ ወረዱ። በዚያም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። አይተውም ዝም ብለው አላለፉም። የእንዶዱ አረፋ በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ እንዲጨመር አደረጉ፤ እነዚያም ሞቱ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት በምርምር ደክመው፣ በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን የስዊድን ሽልማት ተቀበሉ።

አጣቢዎቹ እንዶድን ያውቁ ነበር፤ ሊቁ ደግሞ ቀንድ አውጣን ያውቁ ነበር። ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ወንዝ ዳር ሲገናኙ አዲስ ነገር ተገኘ። ሊቁ የአጣቢዎቹን ሥራ ንቀው አልፈው ቢሆን ኖሮ፣ ወንዙ ምስጢሩን እንደ ያዘ በፈሰሰ ነበር።

ጠያቂ ሰው ግን ስለ ጥቅሙ ብቻ ሳይሆን ስለ ልኩም ይጠይቃል። ቀንድ አውጣን የገደለ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ሰውም ቢጠጣው መርዝ ነው። አባቶቻችን የሆድ ትል ለማስወጣት የጠጡት ኮሶ፣ መጠኑ ሲያልፍ ዓይን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ስለዚህ «ከጓሮ የተቆረጠ ምን ያደርጋል» ማለት ታላቅ ስሕተት ነው።

ወጣቶች ሆይ! ማንበብና መጻፍ የተማራችሁበት አንዱ ጥቅም ይህ ይሁን፦ አያቶቻችሁን በአክብሮት ጠይቃችሁ የእያንዳንዱን ቅጠል ስም፣ ጥቅምና ጉዳት በደብተር ጻፉ። ጥቂትም ቢሆን በጓሮአችሁ ትከሉ። ሕመም ሲጠና ወደ ሐኪም ሂዱ፤ የጠጣችሁትንም ቅጠል አትደብቁት። ቅጠሉ በየክረምቱ ይለመልማል፤ አዋቂው ግን አንድ ጊዜ ከሄደ አይመለስም።