የቡገንቪሊያ ሐረግና የተሸከመችው ሴት



በሰፈራችን ስለ አበባ ክርክር ተነሥቷል። አንዳንዶቻችን በጎጆአችን ደጃፍ የቡገንቪሊያ ሐረግ ተክለናል። «ስደተኛ አበባ ተከለ ማለት አገሩን ረሳ ማለት ነው» የሚሉም በመካከላችን አሉ። ክርክሩን በጩኸት ከመጨረስ የሐረጉን ታሪክ መመርመር ይሻላል ብለን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቡገንቪሊያ ከናይሮቢ ጎዳናዎች እስከ አዲስ አበባ ግቢዎች ስለሚታይ የምሥራቅ አፍሪቃ ተወላጅ ይመስላል። ይሁን እንጂ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ዓለምን እንዲዞሩ የላካቸው ሁለት መርከቦች በ1767 ዓ.ም. በብራዚል ሪዮ ዴ ጃኔሮ ቆመው ነበር። የጉዞው አዛዥ ሉዊ አንትዋን ደ ቡገንቪል ሲሆን፣ የዕፅዋት ሊቁ ፊሊቤር ኮሜርሶን ይባል ነበር። ሐረጉ ከዚያ ተለቅሞ በአዛዡ ስም ተጠራ፤ ስሙም በ1789 ዓ.ም. በዕፅዋት ሊቁ በዡስዩ መጽሐፍ ታትሞ ጸና።

ኮሜርሶን ግን የእግር ቁስል ያሠቃየው ነበር። በጉዞው ስንቁን፣ መሣሪያውንና የዕፅዋቱን ጥራዝ ተሸክሞ ዳገት ቁልቁለቱን የሚወጣና የሚወርድ አንድ አገልጋይ ነበረው። ይህ አገልጋይ የወንድ ልብስ የለበሰች ሴት ነበረች፤ ስሟም ዣን ባሬ ይባላል። በ1740 ዓ.ም. በቡርጎኝ ገጠር ከድሃ ቤተ ሰብ የተወለደች ናት። በባሕር ኃይሉ መርከብ ሴት መሳፈር የተከለከለ ስለነበር ማንነቷን ደብቃ ገባች። አዛዡ እንደጻፈው፣ ምስጢሯ የወጣው በ1768 ዓ.ም. በታሂቲ ደሴት ነው።

ኮሜርሶን በ1773 ዓ.ም. በሞሪሸስ ሲሞት ባሬ በሰው አገር ብቻዋን ቀረች። ኋላም አግብታ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰች። በዚህም ዓለምን እንደዞረች ከሚታወቁት ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። በ1785 ዓ.ም. መንግሥት በዓመት 200 ሊቭር ጡረታ ቆረጠላት። ኮሜርሶን አንድ ተክል በስሟ ሰይሞላት ነበር፤ ስሙ ግን አልጸናም። ከድንች ወገን የሆነ አንድ የደቡብ አሜሪካ ተክል በስሟ የተጠራው ገና በ2012 ዓ.ም. ነው። እርሷ በ1807 ዓ.ም. ሞታ ነበር።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። ነገር ግን የማን ስም እንደሚውል ብዙ ጊዜ የሚወስነው ጸሐፊው ነው፤ ተሸካሚው አይደለም።

ወደ ሐረጉ እንመለስ። የቀላው አካሉ አበባ አይደለም፤ ቀለም የለበሰ ቅጠል ነው። እውነተኛ አበባው በመካከል ያለችው ትንሽ ነጭ ቱቦ ናት። በየግቢው የሚተከለው ዓይነት እምብዛም ዘር ስለማይሰጥ የሚባዛው በቁራጭ ነው። እንግዲያው በየአገሩ የምናየው ሁሉ አንድ ሰው ቆርጦ ለሌላው የሰጠው ነው ማለት ይቻላል።

አተካከሉም ቀላል ነው። ከጠነከረ ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጦ፣ ቅጠሉን አራግፎ፣ ግማሹን አሸዋ በተቀላቀለበት እርጥብ አፈር ውስጥ በጥላ ሥር መትከል ነው። ሲያቆጠቁጥ ሥሩን ሳይነኩ ከነአፈሩ ወደ ፀሐይ ማዛወር ይገባል። ሥር ከሰደደ በኋላ ድርቅ ይችላል፤ እንዲያውም ውሃ ሲበዛበት ቅጠል ያበዛል እንጂ አያብብም። ስለሆነም ከመጠጥ ውሃችን ጋር የሚሻማው በመጀመሪያው ወቅት ብቻ ነው። እሾሁም ለአጥር ይሆናል።

«አገሩን ረሳ» ለሚሉት ወገኖቻችን መልሳችን ይህ ነው። ቁራጭ በየትም አፈር ቢተከል የሚያወጣው የእናቱን ቀለም ነው። ሥር ሰደደ ማለት ሌላ ሆነ ማለት አይደለም። ወደ አገራችን የምንመለስበት ቀን ሲደርስም ሐረጉን ነቅለን እንሂድ የሚል የለም፤ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ጥላ ይሆነዋል።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። ከውሃ ማደያው አጠገብ ያለውን ትልቁን ሐረግ ማን እንደተከለው ብንጠይቅ ስሙን የሚነግረን አጣን። በበጋ ከድርሻቸው ቀንሰው ያጠጡት እናቶች ግን ዛሬም በመካከላችን አሉ። ስለዚህ በዚህ ወረቀት ጀርባ ባዶ ቦታ ትተናል። የተከለ፣ ያጠጣ፣ ቁራጭ የሰጠ ሁሉ ስሙን ይጻፍ። መጻፍ ለማይችሉት ልጆቻቸው ይጻፉላቸው።