መድኃኒቱ የሚሠራበት ቦታና የበሽታው ሥር፦ የአልዛይመር ዘረ-መል ፍለጋ ታሪክ

አንድ መድኃኒት የሚሠራበት ቦታ የበሽታውም መነሻ ነውን? የአልዛይመር ምርምር ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል።

ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1901 በፍራንክፈርት የተቀበላት የ51 ዓመቷ አውጉስተ ዴተር በ1906 አረፈች። በዚያው ዓመት ቱቢንገን ላይ በአንጎሏ ያየውን አቀረበ፤ ከነርቭ ሕዋሳት ውጭ የተከማቸ ዝቃጭ፣ በውስጣቸውም የተተበተበ ክር። ስለ ኬሚካላዊ መልእክት አልተናገረም፤ ሊናገርም አይችልም ነበር። ኦቶ ሌቪ ነርቭ በኬሚካል መልእክት እንደሚያስተላልፍ በእንቁራሪት ልብ ያሳየው በ1921 ነውና።

በ1976 ፒተር ዴቪስና ባልደረባው አሴቲልኮሊንን የሚሠራው ኢንዛይም በሕሙማኑ አንጎል እጅግ መቀነሱን አስታወቁ። ከዚህ ሐሳብ የተወለደው ታክሪን፣ አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ የሚያደርግ መድኃኒት፣ በ1993 በአሜሪካ ተፈቀደ። (ጉበት ስለሚጎዳ በኋላ በሌሎች ተተክቷል።) ከዚያ ወዲህ ግምቱ ቀላል መሰለ፦ የአሴቲልኮሊንና የሴሮቶኒን ተቀባዮችን በሚሠሩ ዘረ-መሎች ላይ ያለ ልዩነት ለበሽታው ያጋልጣል ተባለ። አነስተኛ ጥናቶች ተከታተሉ፤ አንዱ ያገኘውን ሌላው ያጣዋል። እኔም በወጣትነቴ ይህን ግምት እንደ እውነት አስተምሬዋለሁ።

በዚያው በ1993 ግን በዱክ ዩኒቨርሲቲ የአለን ሮዝስ ቡድን ያልተጠበቀ ነገር ይዞ መጣ። ስብን የሚያጓጉዝ ፕሮቲን የሚሠራው አፖኢ የተባለው ዘረ-መል፣ በተለይ አራተኛው ዓይነቱ፣ ለአልዛይመር ያለውን ተጋላጭነት ከፍ ያደርጋል። መላውን የዘረ-መል ስብስብ የፈተሹት የ2009 ታላላቅ ጥናቶችም ክለስተሪንን የመሰሉ ዘረ-መሎችን እንጂ የነርቭ መልእክት ተቀባዮችን አላወጡም። በ2013 የታተመው ትሬም2 ተቀባይ ነው፤ ነገር ግን የአንጎል መከላከያ ሕዋሳት ተቀባይ ነው። ይህ ማለት የአሴቲልኮሊን መድኃኒቶች አይረዱም ማለት አይደለም፤ በመጠኑ ይረዳሉ። የሚረዱት ግን ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የጎደለውን በመደገፍ ነው።

የአፖኢ ታሪክም በዚህ አላበቃም። በናይጄሪያ ኢባዳን በዮሩባ አረጋውያን ላይ የተደረጉት የመጀመሪያ ጥናቶች አራተኛው ዓይነት ከበሽታው ጋር ያለውን ዝምድና ሊያገኙ አልቻሉም። ለዓመታት የዘለቀው ክትትል በኋላ ያሳየው፣ ተጋላጭነቱ የጨመረው ሁለት ቅጂ በወረሱት ላይ መሆኑን ነው፤ በአውሮፓ ዝርያ ሕዝቦች ግን አንድ ቅጂም ይበቃል። ስለዚህ ዛሬ የአፖኢን የተጋላጭነት አኃዝ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ አኃዙ ከየትኛው ሕዝብ እንደተገኘ አብሬ እጽፋለሁ።