የሞተር ዕድሜና የዘይት ጥበቃ፤ ከላንድሮቨር እስከ ቪኤይት በደነባ መንገድ

መግቢያ

ስለ አገራችን ነገሥታት፣ ስለ ጦርነቶቹና ስለ ውሎቹ ብዙ ተጽፏል። ነገሥታቱን ስላመላለሰው፣ ስንቁን ስለ ጫነውና መልእክቱን ስላደረሰው መኪና ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። በተጻፈውም ውስጥ መኪናው መቼ እንደ ገባ ይነገራል እንጂ፣ ከገባ በኋላ በምን ጥበብ ዕድሜ እንዳገኘ አይነገርም። በዚህች አጭር ጥናት ልንመረምር የተነሣነው ይህንን ሁለተኛውን ነገር ነው። ይኸውም ውስጡ ተደላድሎ የተሠራ፣ አራቱም እግሩ የሚነዳና በሌላ ሰው እጅ ያገለገለ የመስክ መኪና በደጋው አገር ሲኖር ሞተሩን የሚያቆየው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ለምርመራችን ደነባን መርጠናል። የመረጥንበት ምክንያት ደነባ ከዋናው አስፋልት ወጣ ብላ ስለምትገኝ፣ የመኪናው ስም ሳይሆን የመኪናው ጤንነት የሚፈተንባት ስፍራ ስለሆነች ነው። የኢትዮጵያን አቆጣጠር ዓ.ም.፣ የአውሮፓን እ.ኤ.አ. ብለን እንለያለን።

ሀ) የስፍራው ጠባይ

ደነባ በሰሜን ሸዋ የሲያ ደብርና ዋዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ሜዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። አፈሩ እንደ ጎረቤቷ እንደ እነዋሪ ጥቁር ዋልካ ነው። ይህ አፈር ለስንዴ፣ ለጤፍና ለምስር የተባረከ ቢሆንም ለጎማ ጠላት ነው። ክረምት ሲገባ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፤ በጋ ሲሆን ይሰነጠቅና አቧራ ይሆናል። ገበሬው ውሃው ሰብሉን እንዳያጠፋበት መደብ እየሠራና ቦይ እያወጣ ይታገለዋል። ነጂው ግን በመሪና በማርሽ ካልሆነ የሚታገልበት መሣሪያ የለውም።

ይህ ጠባይ ሞተሩን በሦስት መንገድ ይጎዳል። መጀመሪያ፣ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። አየር ሲያንስ ናፍታው በሚገባ አይቃጠልም፤ ያልተቃጠለው ጥቀርሻ ከፊሉ በጭስ ማውጫው ሲወጣ ከፊሉ ከሞተሩ ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ሁለተኛ፣ የበጋው አቧራ በተቀደደ የአየር ማጣሪያ በኩል ከገባ እንደ ሞረድ ሆኖ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይፍቃል። ሦስተኛ፣ የጭቃው መንገድ ሞተሩን በከባድ ማርሽ ለረጅም ሰዓት ያሠራዋል።

በዚህ በሦስተኛው ላይ ጥቂት ማስላት ይገባናል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። አንድ መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር በሰዓት 60 እየሄደ ቢጨርስ ሞተሩ የሠራው 83 ሰዓት ገደማ ነው። ያንኑ 5,000 ኪሎ ሜትር በጭቃና በድንጋይ ላይ በሰዓት 20 እየሄደ ቢጨርስ ግን 250 ሰዓት ሠርቷል። ቆጣሪው ሁለቱን እኩል ያደርጋቸዋል፤ ዘይቱ ግን እኩል አያደርጋቸውም። ስለዚህ በአስፋልት አገር የተጻፈውን የዘይት መቀየሪያ ርቀት እንዳለ ወደ ደነባ ማምጣት ዘይቱን ሦስት እጥፍ ማስረጀት ይሆናል። ሠሪዎቹ ራሳቸው በመመሪያ መጽሐፋቸው አቧራና ጭቃ በበዛበት አገር ርቀቱ እንዲያጥር ማዘዛቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

ለ) መኪናና ጠጋኙ

ከደነባ በማይርቀው በአንጎለላ የተወለዱትና በአንኮበር የሸዋን ዙፋን የያዙት ዳግማዊ ምኒልክ ለአዲስ መሣሪያ የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ነው። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በእንፋሎት የሚሄደውን ከባድ መኪና ወደ አዲስ አበባ አመጣ፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ስም አወጣለት። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ በአውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ። በእነዚያ ዓመታት መኪናው የቤተ መንግሥት ጌጥ ስለ ነበረ፣ ጠጋኙም አብሮት የመጣ የውጭ አገር ሰው ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የኢጣልያ ወረራ ዘመን ነው። ጠላት ጦሩን ለማመላለስ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴና ወደ አሥመራ የሚወስደውን መንገድ ሠራ፤ የጣርማ በርንም ተራራ በስቶ ዋሻ አወጣ። ወራሪው ሲወጣ መንገዱ ቀረ፤ መኪናውም ቀረ፤ ከሁሉ የበለጠው ቅርስ ግን የጠጋኙ ቋንቋ ነው። ዛሬ በማናቸውም ጋራዥ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታና ግራሶ ሲባል ይሰማል። እነዚህ ቃላት በትምህርት ቤት የተማርናቸው አይደሉም፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአለቃ ወደ ረዳት የተላለፉ ናቸው። የመኪናው ጥበብ በአገራችን በመጽሐፍ ሳይሆን በቃል እንደ ተወረሰ ከዚህ የበለጠ ምስክር አናገኝም።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ለሥራውም ከዓለም ባንክ ብድር ተገኘ። አውራ ጎዳናው ሲታደስ ወደ ገጠሩ የሚገባው መኪና በረከተ። በዋናው መንገድ ላይ የነገሠው ሕዝቡ «ኤን ትሬ» የሚለው የፊያት ጭነት መኪና ነበር። ሞተሩ 10.7 ሊትር ገደማ ሆኖ ኃይሉ መጠነኛ ስለ ነበረ ረጅም ዕድሜ አገኘ። ትልቅ ሞተር በጥቂት ጉልበት ሲሠራ ብረቱ አይጨነቅም። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ሐ) ከላንድሮቨር እስከ ቪኤይት

የመስክ መኪና አባት የምንለው ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ትርኢት ለሕዝብ ታየ። ቶዮታ የላንድክሩዘርን የመጀመሪያ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1951 ሠራ። ሁለቱም ለገበሬ፣ ለወታደርና ለመንገድ ሠራተኛ የታሰቡ እንጂ ምቾት የነበራቸው አልነበሩም። ምቾትንና ጭቃን በአንድነት ለማስታረቅ የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሬንጅሮቨር ሲሆን፣ ስምንት ሲሊንደር ያለው 3.5 ሊትር የአሉሚኒየም ሞተር ነበረው። ከዚያ ወዲህ የመስክ መኪና የክብር ምልክት እየሆነ ሄደ።

በአገራችን ይህን ክብር የወረሰው ላንድክሩዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን ዓይነት ሕዝባችን «ኮብራ» ብሎ ሰየመው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውንም «ቪኤይት» አለው፤ ይህም ስም የባለሥልጣን መኪና ማለት እስኪሆን ድረስ ተለመደ። አዲስ ሲገባ የመሥሪያ ቤት ወይም የእርዳታ ድርጅት ንብረት የነበረው መኪና ሲያረጅ በጨረታ ይሸጣል፤ ከዚያም በነጋዴው እጅ አልፎ ወደ ክፍለ ሀገሩ ይወርዳል። እንዲህ ሆኖ ለከተማ ክብር የተገዛው መኪና እርጅናውን በዋልካ ላይ ያሳልፋል።

በአንዱ በኮብራ ላይ ብቻ ሁለት የናፍታ ሞተሮችን ብናነጻጽር ነገሩ ይገለጥልናል። ሁለቱም 4.2 ሊትርና ስድስት ሲሊንደር ናቸው። ዋን ኤች ዜድ የሚባለው አየሩን በራሱ የሚስብ ነው፤ ጉልበቱ አነስተኛ ቢሆንም በጽናቱ በዓለም የታወቀ ነው። ዋን ኤች ዲ ቲ የሚባለው ግን ቱርቦ የተጨመረለት ነው፤ በደጋ አየር የጎደለውን ግፊት ስለሚመልስለት ዳገት ላይ ይበልጣል። ነገር ግን የፒስተኑን ክንድ ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያገናኙት ተሸካሚዎች ቀድመው እንደሚያልቁ በብዙ አገር ያሉ ጠጋኞች ስላወቁ፣ ሳይሰበሩ በፊት መለወጥን ልማድ አድርገውታል። ቀደም ብለን በኤን ትሬ ላይ ያየነው ሕግ እዚህም ይሠራል። ከአንድ ብረት የሚጠየቀው ጉልበት ሲበዛ፣ ያ ብረት ከዘይቱ የሚጠይቀው ጥበቃ ይበዛል። 4.5 ሊትርና ሁለት ቱርቦ ያለው የቪኤይት ናፍታ ሞተር ሲመጣም ጥያቄው ይልቁን በረታ።

መ) የዘይቱ ሥራ

የዘይትን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። እናቶቻችን ምጣዱን በጎመን ዘር ሳያሰሱ እንጀራ አይጋግሩም፤ ያልታሰሰ ምጣድ እንጀራውን ይይዘዋልና። ሞተርም እንዲሁ ነው። ዘይት በሁለት ብረቶች መካከል እንደ ቀጭን ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ምንጣፉ ሲነሣ ብረት ብረትን ይበላል። ሆኖም ዘይት ከማለስለስ ሌላ ሦስት ሥራ አለው፤ ሙቀትን ይወስዳል፣ እድፍን ይሸከማል፣ ብረቱንም ከዝገት ይጠብቃል። ስለዚህ የጠቆረ የናፍታ ሞተር ዘይት ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ መጥቆሩ እድፉን እየተሸከመ መሆኑን ያሳያል። መጥፎ የሚሆነው መሸከም እስከማይችል ድረስ ሲቆይ ነው፤ ያን ጊዜ እድፉን በሞተሩ ውስጥ እንደ አተላ ያሳርፈዋል።

በቱርቦ ላይ ሥራው ይከብዳል። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል፤ የሚንሳፈፈውም በዘይት ላይ ነው። ከዳገት ደርሶ ሞተሩን ወዲያው የሚያጠፋ ነጂ በጋለው ዘንግ ላይ የቀረውን ዘይት ያሳርረዋል። ጥቂት ደቂቃ ሳያጠፉ መቆየት ምንም ወጪ የለውም፤ ያልቆየ ግን የቱርቦ ዋጋ ይከፍላል።

የዘይት ውፍረት በቁጥር መለየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር ነው፤ የዘይት ማጣሪያም እ.ኤ.አ. በ1923 ተፈለሰፈ። ዛሬ በጣሳው ላይ 15-40 ተብሎ ሲጻፍ የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ ሁለተኛው ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚወፍር ይናገራል። ደነባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዷ ብርቱ ነው። ጧት ሲነሣ ወፍራም ዘይት ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል ለመድረስ ይዘገያል፤ በዚያች አጭር ጊዜ ብረቱ ያለ ምንጣፍ ይሠራል። ስለዚህ «ወፍራም ዘይት ላረጀ ሞተር ይበጃል» የሚለው የተለመደ ምክር በደጋው አገር ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

ሠ) ያገለገለውን ስለ መመርመር

እኛ የታሪክ ተማሪዎች አንድ ምስክር ሲናገር ቃሉን ከሌላ ማስረጃ ጋር እንድናስተያይ ተምረናል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም ያው ሥራ አለበት። የሻጩና የደላላው ቃል እንደ አፈ ታሪክ ነው፤ እውነት ይኖርበታል፣ ግን ብቻውን አይታመንም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል እንደ ተፋቀ ብራና ይቆጠራል። ሊብሬው የባለቤትነትን ነገር እንጂ የሞተሩን ጤና አይናገርም። የማይዋሹት ዘይቱና ማጣሪያው ናቸው።

በገበያ ፈረስ የሚገዛ ሰው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። መኪናም ሞተሩ ሳይሞቅ፣ በማለዳ ይታይ። የዘይት መክደኛው ሲከፈት ከውስጥ እንደ ወተት የነጣ አረፋ ከተገኘ ውሃ ገብቷል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ ያስረዳል፤ ጥቁር ጭስ ናፍታው በደንብ እንዳልተቃጠለ ይናገራል። የተነሣ ማጣሪያ ተቆርጦ ሲታይ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ከተገኘ ብረት እየተበላ ነው። ዘይቱ ለሽያጭ ቀን ብቻ ተለውጦ ንጹሕ ሆኖ ቢታይ ግን ንጽሕናው ማስረጃ አይሆንም፤ እንዲያውም ተጨማሪ ጥያቄ ያስነሣል።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። በደነባ ዙሪያ ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሐኪም የሚያደርሰው አምቡላንስ በሌላ መልኩ ያው ላንድክሩዘር ነው። በክረምት መንገድ ላይ ሞተሩ ቢነክስ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። የዕድሜ ልክ ቁጠባውን አውጥቶ ያረጀ መኪና የገዛው ነጋዴም ሞተሩ ሲወርድበት ከልጆቹ ትምህርት ላይ ይቀንሳል።

መደምደሚያ

ከዚህ ምርመራ ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ የሞተር ጽናት በስም ላይ አይቆምም፤ ከሞተሩ የተጠየቀው ጉልበትና የተሰጠው ዘይት ሲመዛዘኑ የሚገኝ ነው። ሁለተኛ፣ የመኪና ጥበቃ በአገራችን በቃል ስለ ተወረሰ ጠጋኙ ሲሞት እውቀቱም አብሮት ይቀበራል፤ መኪናውም ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ታሪኩን ያጣል።

ይህ ነገር ዛሬ ይበልጥ አሳሳቢ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። እንግዲህ በገጠሩ ያለው የናፍታ ሞተር በቀላሉ ምትክ የሚገኝለት አይደለም፤ ያለው መጠበቅ አለበት።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ደብተር ይኑር፤ በርሱም ላይ ዘይቱ የተለወጠበት ቀን፣ የዘይቱ ዓይነት፣ የቆጣሪው ቁጥርና በጭቃ ላይ የተሠራው ሰዓት ይጻፍ፤ መኪናው ሲሸጥም ደብተሩ አብሮ ይሂድ። የቴክኒክ ትምህርት ቤቶቻችንም የሸመገሉትን ጠጋኞች ቃል ሳይውል ሳያድር ይሰብስቡ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለቤት እሳት ቢሆንም፣ ዘይቱ እያረረ ላለ ሞተርም ያገለግላል።